ከዝናብ በፊት ወይስ ከዝናብ በኋላ? የእንግዳ ተማሪ ኑሮ በቤሌም ከተማ

ልጁን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሰደደ ቤተ ሰብ ደብዳቤ ሲጽፍ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አየሩና ስለ ምግቡ ነው። «ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ምንስ ትበላለህ?» ይላል። እኛ ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ብርድ የሚባል ነገር ስለማይታወቅበት ከተማ ነው፤ ይኸውም በብራዚል ሰሜን የምትገኘው ቤሌም ናት። ስሟ በፖርቱጋልኛ ቤተ ልሔም ማለት ነው። ፖርቱጋሎች በ1616 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) በአማዞን ወንዝ መፍሰሻ አጠገብ ቈረቈሯት። ከምድር ወገብ የምትርቀው አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለ ሆነ ቀትሩ ዓመቱን በሙሉ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ቢሆን ብርድ ልብስ አያሻውም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህች ከተማ ጨርሳ ባዕድ አይደለችም። ቡና ወደ ብራዚል የገባው በ1727 ዓ.ም. በእርሷ በኩል ነውና። ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓልዬታ የሚባል መኰንን ዘሩን ከፈረንሳይ ጉያና አምጥቶ በዚያ አውራጃ እንደ ተከለ ይነገራል። የአገረ ገዢው ሚስት ዘሩን በአበባ እቅፍ ውስጥ ደብቃ ሰጠችው የሚለውን ግን ከተረት አናሳልፈውም።

ብራዚል ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ወጣቶችን በዩኒቨርሲቲዎቿ ያለ ትምህርት ክፍያ ትቀበላለች። ክፍያ የለም ማለት ግን ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ የቤቱ ኪራይና ቀለቡ በአብዛኛው የሚጠብቀው ከአገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተመሠረተው የፓራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚችው በቤሌም፣ በጓማ ወንዝ ዳርቻ ነው።

እንግዲህ በምዕራብ አፍሪካ ከምትገኘው ከቤኒን፣ ከኮቶኑ ከተማ፣ ወደዚህ ስለ መጣ አንድ ወጣት እናስብ። ሙቀቱ አያስደነግጠውም፤ የአገሩም ፀሐይ አይራራም። የሚያስደንቀው ዝናቡ ነው። በቤሌም በዓመት የሚወርደው ዝናብ ሦስት ሺሕ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ከእጥፍ ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፣ ነዋሪዎቹ ሲቃጠሩ «ከዝናብ በፊት እንገናኝ ወይስ ከዝናብ በኋላ?» ይባባላሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት ታላላቅ የማንጎ ዛፎች በወቅታቸው ፍሬያቸውን በአላፊ አግዳሚው ራስ ላይ ያወርዳሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የመማሪያ ክፍሎች በማቀዝቀዣ መሣሪያ እጅግ ስለሚቀዘቅዙ፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር ተማሪው ሹራብ ይዞ ይወጣል።

ስለ ምግቡ እናት ልታዝን አይገባትም። የቤሌም ሰው ያለ ካሳቫ ዱቄት ማዕድ አይቀርብም፤ ይህም ኮቶኑ ውስጥ «ጋሪ» ከሚሉት (ሠረገላችን አይደለም) ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ካሳቫ ራሱ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ የተሻገረ ተክል ስለ ሆነ፣ ልጁ የእናቱን ጓዳ በምንጩ አገር አገኘው ማለት ነው። አሳኢ የሚባለውን ጥቍር ሐምራዊ ፍሬ በሌላ አገር በስኳር ሲጠጡት፣ በቤሌም ግን ያለ ስኳር፣ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር፣ እንደ ምሳ ይበሉታል። ወደ ማታ ሴቶች በመንገድ ዳር በቅል የሚሸጡት ታካካ የሚባል ትኩስ ሾርባ አለ፤ በውስጡ ያለው ጃምቡ የተባለ ቅጠል ከንፈርን ያደነዝዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ እንግዳ የተመረዘ ይመስለዋል።

እውነተኛው ጭንቅ ቋንቋው ነው። ወጣቱ ያደገው በፈረንሳይኛ ትምህርት ነው፤ ፖርቱጋልኛውን በአንድ ዓመት ማወቅ አለበት። መጽሐፉ «ቮሴ» ብሎ ያስተማረውን የቤሌም ሰው «ቱ» ይለዋል፤ በቃል መጨረሻ ያለውንም «ስ» «ሽ» እያደረገ ይናገራል። በክፍል የገባው በአውቶቡስ ይጠፋበታል።

በዓመቱ መጨረሻ ገደማ የሚጠብቀው ፈተና ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ሴልፒ ብራስ ነው። ይህ ፈተና የሰዋስው ጥያቄ የለውም፤ ተፈታኙ አይቶ፣ ሰምቶና አንብቦ አራት ጽሑፎች ይጽፋል፤ ከዚያም ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ሃያ ደቂቃ ይነጋገራል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቋንቋውን ሊማር መጥቶ ይህን ፈተና ያላለፈውን ተማሪ ከትምህርት ዕድሉ የሚያሰናብት ነበር። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ የተሸኘ ልጅ፣ የሕክምናውን ወይም የምሕንድስናውን ትምህርት ሳይጀምር ሊመለስ ነው። ስንቱ ዘመድ አዋጥቶ እንደ ሰደደው የሚያውቅ ሰው የዚያን የሃያ ደቂቃ ክብደት ይገምተዋል። በአፈር ላይ እንደ ተጣለ ድንጋይ ሌሊቱን ሁሉ ሲጫነው ቢያድር አይደንቀንም።

በኦክቶበር ሁለተኛው እሑድ ከ1793 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከበረው የናዝሬት እመቤታችን ክብረ በዓል ይውላል። የካቶሊክ ምእመናን ሥዕለ ቅርጿን አጅበው ከካቴድራሉ ወደ ባዚሊካዋ ሲጓዙ፣ እልፍ አእላፍ ሕዝብ ረጅም ገመድ ይዞ በባዶ እግሩ ይተማል። በዚያ ቀን ቤተ ሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ምሳ ይበላል፤ መርዙ እንዲለቅ የካሳቫ ቅጠል ሰባት ቀን ያህል ተቀቅሎ የሚሠራው ማኒሶባም ይቀርባል። የክፍል ጓደኛው ጋብዞት የኮቶኑ ልጅ ከዚህ ማዕድ ተቀምጧል እንበል። የቤቱ እመቤት በ«ሽ» አነጋገራቸው «እናትህ ካሳቫውን እንዴት ነው የምትሠራው?» ብለው ይጠይቁታል። እርሱም ስለ መፍጨቱ፣ ስለ መጭመቁ፣ በሰፊ ብረት ምጣድ ላይ ስለ ማመሱ ማስረዳት ይጀምራል። የጎደለውን ቃል ልጆቹ ያቀብሉታል። ንግግሩን ሲጨርስ የከሰዓቱ ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ ሰዓቱንም የተመለከተ የለም።