ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚያየው ጓሮ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ይርጋጨፌ ዙሪያ ለአንድ ቡና ሰብሳቢ ለዓመታት ሚዛን ላይ ሠርቻለሁ። ገበሬው ግቢ ስንገባ ቡናውን የምናይ ይመስላችኋል። ቡናውንማ ከመንገድ አይተነዋል። የምናየው እንሰቱን ነው።

ከቤቱ ኋላ የደረሰ እንሰት የቆመለት ሰው አይቸኩልም። በእሸቱ ዋጋ ካልተስማማን አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ያደርገዋል፤ ጀንፈል ወራት ይቀመጣል፣ ቤተሰቡም ቆጮ እየበላ ይጠብቃል። እንሰቱ የሳሳበት ሰው ግን የሚመጣው በሐምሌ ነው፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ። አሠሪዬ ያንን ቤት ለይቶ ያውቀዋል። በቆሎ ይሰጠዋል፣ ትንሽ ብር ይጨምርለታል። ኅዳር ላይ ቡናው ሲቀላ የሚታሰብለት በሐምሌው ዋጋ ነው። ውል የለም፣ ምስክር የለም። መዝገቡ ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው፤ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ወቅቱ ሲከፈት ቀድሞ ሚዛን ላይ የሚወጣውም የዚያው ቤት ቡና ነው። መቅላቱን መጠበቅ ስላልቻሉ ጥሬው ከበሰለው ተደባልቆ ይመጣል፤ እኛም ጥሬ ነው ብለን እንቀንስበታለን። ረሃቡን ሁለት ጊዜ አስከፈልነው ማለት ነው።

እንሰቱ ለምን ሳሳ? መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ከአንድ ሄክታር በታች ወረደ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገባ። ከሁሉም በላይ ግን ዋጋ ጥሩ በሆነ ዓመት እንሰት እየተነቀለ ቡና ተተከለ። ይህን ምክር ከሰጡት አንዱ እኛው ነን። በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ኒው ዮርክ ላይ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ ወደ እንሰት ልመለስ ያለው ገበሬ የሚበላ ቆጮ ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። ተክሉ ለመድረስ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። የቡናው ብር የሚቆጠረው ባል እጅ ላይ ነው። እንሰቱ የሚስት ነው፤ የምትፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትቀብረው፣ ለክረምት የምታቆየው እሷ ናት። እንሰቱ ሲነቀል የተነቀለው የእሷ ጎተራ ነው። ማን አማከራት?

ሥራውን በተውኩበት ዓመት፣ በነሐሴ፣ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና አፈሉልኝ። «ቁርስ የለኝም ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀዱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘንድሮ ስንት ትቆርጡልናላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ዋጋ ሳልጠራ ተነሥቼ ወጣሁ። ጓሮው ላይ ሦስት እንሰት ብቻ ቆሟል። ከእኔ በኋላ የተላከው ሰው እሱንም አይቶታል።