አውስትራልያ ወደ ጥቁሩ ጭልፊት ለምን ተመለሰች?

አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ግቢ ጥግ መለዋወጫ አጥቶ የቆመ መኪና ካለ፥ ይህን ታሪክ ለመረዳት የጦር ዕውቀት አያስፈልግዎትም።

ሁለገብ ሄሊኮፕተር የሚባለው ለጦር ሠራዊት እንደ ጭነት መኪናም እንደ አምቡላንስም የሚያገለግል ነው። ወታደር ያመላልሳል፤ ቁስለኛ ያነሣል፤ ከሆዱ በታች ባለው መንጠቆ ጭነት አንጠልጥሎ ይበራል፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜም ሰው ከጣራ ላይ ያወጣል።

አውስትራልያ በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) 39 የአሜሪካ «ብላክ ሆክ» ሄሊኮፕተሮች ገዝታ ነበር። የስሙ ትርጓሜ ጥቁር ጭልፊት ማለት ነው። በ1996 ከእነዚሁ ሁለቱ በታውንስቪል አጠገብ በሌሊት ልምምድ ላይ ተጋጭተው 18 ወታደሮች ስለ ሞቱ፥ ይህኛው እንከን የለበትም አልልዎትም።

ኋላ ግን መንግሥቱ የአውሮፓ ኩባንያዎች በኅብረት የሚሠሩትን አዲስ ዐይነት መረጠ። በአገሪቱ በሚገኝ መርዘኛ እባብ ስም «ታይፓን» ተባለ። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያስቀና ነበር፤ አካሉ ቀላል፥ መሪው በኤሌክትሪክ ምልክት የሚታዘዝ። 47 ተገዙ፤ እስከ 2037 እንዲያገለግሉም ታስቦ ነበር። ነገር ግን መለዋወጫው ይዘገያል፤ ጥገናው ገንዘብ ይበላል፤ በየጊዜውም «አትብረሩ» የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ኖርዌይም ይህንኑ ዐይነት በ2001 አዝዛ፥ በ2022 ውሉን አፍርሳ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብላለች።

በ2023 መጀመሪያ አውስትራልያ 40 አዳዲስ ብላክ ሆኮች በ2.8 ቢሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ገደማ እንደምትገዛ አስታወቀች። ንድፉ መጀመሪያ የበረረው በ1974 ነው፤ ሞተሩና መሣሪያው ግን ታድሷል። ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቻችን «የአባቶቻችንን ዘመን ንድፍ እንደ ገና መግዛት ምን ይባላል?» ይሉ ይሆናል። የዚህ ቤተሰብ ሄሊኮፕተር እስከዚያ ዓመት ድረስ 5,000 ያህል ተሠርቷል፤ በብዙ አገርም ይበራል። ስለዚህ ብሎኑም መካኒኩም አይታጣም። በግዢ ክፍል የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

ታይፓኖቹ ገና ሳይተኩ፥ በሐምሌ ወር 2023 አንዱ በሌሊት ልምምድ ላይ ሳለ በኩዊንስላንድ ጠረፍ ባሕር ውስጥ ወድቆ አራቱም በራሪዎች ሞቱ። መርማሪዎች ዋናው ምክንያት አብራሪው በጨለማው የአቅጣጫ ስሜቱን ማጣቱ እንደ ሆነ ስለ ገለጡ፥ ፍርዱን ሁሉ በማሽኑ ላይ መጣል ትክክል አይሆንም። ቢሆንም ታይፓኖቹ ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ አልተመለሱም፤ ከታሰበውም ጊዜ አስቀድሞ ተሰናበቱ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በጦርነት ላይ ያለችው ዩክሬን «ለእኛ ስጡን» ብላ ለመነች። የተሰጣት መልስ፥ ሄሊኮፕተሮቹ እየተፈታቱ ነው፤ መልሶ ለመግጠም ብዙ ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ነበር። የሚጠቅመው ዕቃ ከወጣላቸው በኋላ የቀረው አካላቸው መሬት ተቈፍሮ እንዲቀበር ታቅዶ ነበር።