የጆሮ ሕመምና የሒሳብ ቁጥሩ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ በአሜሪካ አገር የውጭ ጆሮ ሕመም እንዴት በቁጥር ተመዝግቦ ዋጋው እንደሚጠየቅ ነው። የውጭ ጆሮ የምንለው ከጆሮ ቅጠል እስከ ታምቡሩ ያለውን ነው።

ለኢንሹራንስ በሚላከው ሒሳብ አንዱ ቁጥር ሕመሙን፣ ሌላው ሐኪሙ የሠራውን ሥራ ይገልጻል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ፣ ጆሮ የደፈነ ኩክ ኤች61.2 ነው። በመጨረሻ የሚጨመረው አኃዝ ጆሮውን ይለያል፤ ይኸውም 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 3 ሁለቱም፣ 0 ያልተገለጸ ማለት ነው። ኩኩን በውሃ አጥቦ ማውጣት 69209፣ በመሣሪያ ማውጣት ግን 69210 ተብሎ ይመዘገባል።

እንግዲህ የግራው ጆሮ ጸድቶ ሳለ ሕመሙ ኤች61.21 ተብሎ ቢጻፍ፣ ኢንሹራንሱ ክፍያውን ሊከለክል፣ ዕዳውም በሕመምተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአንጻሩም ያልደፈነውን ኩክ «ደፍኗል» ብሎ መመዝገብ የማይገባ ዋጋ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ መመረጥ ያለበት ገንዘቡ ታይቶ ሳይሆን፣ ሐኪሙ መርምሮ ከጻፈው ቃል ነው እንላለን።