የእጅ ባትሪው ድንጋይና ስስ ልባሱ

መብራት ሲጠፋ የምናበራው የእጅ ባትሪ፣ ማታ የሚሠራ ሰው ግንባሩ ላይ የሚያስረው መብራት፣ ፓወር ባንኩ፣ የብሉቱዝ ስፒከሩ፣ የአናጢው ድሪል፣ የቆየው ላፕቶፕ፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን የሚስቡት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ቬፕ፤ የብዙዎቹ ሆድ ቢከፈት የሚገኘው አንድ ነገር ነው። የአውራ ጣት ያህል የሆነ፣ ከ45 እስከ 50 ግራም የሚመዝን፣ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ። መጠሪያው 18650 ነው፦ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመቱ፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ደግሞ ቅርጹ ሲሊንደር መሆኑን ለመናገር። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት፣ ሲያልቅ 3 ቮልት ገደማ ነው።

ዘሩ ሊቲየም አዮን ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ መንገዱን የጠረጉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ቴስላ በ2008 የመጀመሪያ መኪናውን ሲያወጣ ባትሪው የተሠራው ከ6,831 እንደነዚህ ያሉ ድንጋዮች ነው። ሰው መኪናውን ከብቦ ፎቶ ይነሳል፤ ያንኑ ድንጋይ ቤቱ ሲያገኘው ግን ከምስማርና ከቁልፍ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። የኔ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል።

ድንጋዩ ሲያረጅ ምትክ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ሱቅ ደርሶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሚሊ አምፒሩ ስንት ነው?» አታላይ ደግሞ አስቀድሞ መልስ ያዘጋጀው ለዚህ ጥያቄ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ባለሱቁ ሁለት ድንጋይ መስተዋቱ ላይ አስቀምጦ «ይሄ ሦስት ሺህ ነው፤ ይሄኛው ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ። ዋጋቸው እኩል ነው፣ ምረጥ» ሲል ሰምቻለሁ። ደንበኛው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። ባለሱቁን ዋሾ ልለው አልችልም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው።

ሒሳቡን ግን እንሥራው። በዚህ መጠን የሚሠሩት ስመ ጥር ፋብሪካዎች፣ ፓናሶኒክ፣ ሳምሰንግ፣ ኤልጂ፣ ሞሊሰል፣ የሶኒን የባትሪ ሥራ የገዛው ሙራታ፣ ለብዙ ዓመታት ጣሪያቸው 3,500 ወይም 3,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነበር። በቅርቡ ወደ 4,000 የተጠጉ ጥቂቶች አሉ። 9,900 የሚለው ጽሑፍ እውነት ቢሆን ድንጋዩ በኪሎ ከ700 ዋት ሰዓት በላይ ይዟል ማለት ነው፤ ምርጦቹ 300 እንኳ አይደርሱም። እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው በችርቻሮ አይሸጠውም፣ ስቶክሆልም ሄዶ ሽልማቱን ይቀበላል እንጂ። እነዚህን ድንጋዮች ቀደው ያዩ ሰዎች ውስጣቸው ትንሽ ሌላ ድንጋይ፣ ቀሪው ቦታ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት አግኝተዋል። እርስዎ ግን አይቅደዱ፤ የሚጠራጠሩትን ድንጋይ ማስመዘን ይበቃል። ወርቅ ቤት ወዳጅ ካለዎት ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡት። ከ40 ግራም በታች ከሆነ የተጻፈበትን ቁጥር ይርሱት። ሚዛን ከሌለ ሰዓት አለ፦ ባዶውን ድንጋይ በአንድ አምፒር ቻርጀር ላይ ቢሰኩት እውነተኛው 3,000 ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። «9,900» ተብሎ በሃምሳ ደቂቃ «ሞላሁ» የሚል ድንጋይ ራሱን አጋልጧል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ቁጥሩ የታተመበት ወደዚያ ስስ የፕላስቲክ ልባስ። ብዙ ሰው የዕቃው ማስታወቂያ ብቻ አድርጎ ያየዋል።

ሰፈራችንን የሚጠብቁ አባት የእጅ ባትሪ አላቸው። አንድ ማታ እንቢ ብሏቸው ከፍቼ ሳይ የድንጋዩ ልባስ ጎኑ ላይ ተልጦ ቆርቆሮው ይታያል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አደገኛ ነው» ስላቸው «ልጄ፣ እንደዚህ ከሆነ ከርሟል፤ ምንም አላደረገኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ምንም ያላደረጋቸው ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰው ድንጋዩን ሲያስብ አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፍ ኔጋቲቭ፣ መሐሉ ደግሞ እንዲያው ባዶ አካል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ቆርቆሮው በሙሉ፣ ከመቀመጫው ጀምሮ ጎኑን ይዞ እስከ ላይኛው ትከሻው ድረስ ኔጋቲቭ ነው። ውስጡ የተጠቀለለው የመዳብ ገጽ ከቆርቆሮው ወለል ጋር ተበይዷል፤ ብረት በፖዘቲቩ በኩል ቢሆን ኖሮ በከፍተኛው ቮልት እየተበላ ያልቅ ስለነበር የድንጋዩ ገላ የተሰጠው ለኔጋቲቩ ነው። ፖዘቲቭ የሆነችው ላይ መሐል ያለችው ቆብ ብቻ ናት። በቆቧና በቆርቆሮው ትከሻ መካከል ያለው ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ዘብ የቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቆርቆሮው ሲታጠፍ ውስጥ የተያዘች የፕላስቲክ ቀለበት፣ ከላይ የተቀመጠች ነጭ የወረቀት ቀለበት፣ እና ትከሻውን ይዞ ወደ ውስጥ የታጠፈው የልባሱ ጠርዝ። ልባሱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ቢወፍር ነው።

ወደ አባታችን የእጅ ባትሪ ስንመለስ፣ የባትሪው ቱቦ ራሱ የኔጋቲቩ መንገድ ነው። ስለዚህ ጎኑ ላይ የተላጠው ቆርቆሮ ቱቦውን ቢነካ ኔጋቲቭ ኔጋቲቭን ነካ ማለት ነው፤ ምንም አይፈጠርም። ያው ልጣጭ ትከሻው ላይ ቢሆንና የወረቀት ቀለበቷ ብትወድቅ ግን ከላይ የሚጫነው መዳብ ቆቧንና ትከሻውን በአንድ ጊዜ ሊረግጥ ይችላል። ሰው «ጎኑ ተልጦ ምንም አልሆነም» ብሎ ይለምድና አንገቱ ሲላጥም እንደዚያው ይመስለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ልማድ ነው።

ኪስ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ብዙዎች ቁልፍ ድንጋዩን የሚያገናኘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ስድስት ተኩል ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁልፍ የለኝም ብለውም ይጽናናሉ። አንገቱ የተላጠ ድንጋይ ላይ ግን አንዲት የአንድ ብር ሳንቲም ቆቧ ላይ ጋደም ብትል በቂ ናት። የጤናማ ድንጋይ የውስጥ ሬዚስታንሱ የአንድ ኦም ጥቂት መቶኛ ብቻ ስለሆነ፣ ጥሩ ግንኙነት ካገኘ በአሥሮች የሚቆጠር፣ ከፍ ሲልም መቶ የሚያልፍ አምፒር ይለቃል። ሳንቲሙ ይግላል፣ ድንጋዩ ይግላል፤ ሙቀቱ መስመር ካለፈ በኋላ ራሱን በራሱ እያቀጣጠለ ጋዝና እሳት ይተፋል። ከቆቧ ሥር ግፊት ሲበዛ ተነፋፍታ መስመሩን የምትቆርጥ ስስ ዲስክና የጋዝ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። የሠሯቸውን መሐንዲሶች አከብራለሁ፤ ቢሆንም ሱሪ ውስጥ ያለ ሰው በእነሱ ብቻ መተማመን የለበትም። ቬፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ጭናቸው ተቃጠለ ሲባል ከምንሰማው ውስጥ መሣሪያው ምንም ሳይሆን ኪስ ውስጥ የነበረው ትርፍ ድንጋይ የሠራው ጉድ አለበት። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ትርፍ ድንጋይ በማስቀመጫ ሣጥን ይያዝ ብሎ የሚመክረው ለዚህ ነው። ሣጥኑ ተራ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ማኪያቶ ብዙ የሚርቅ አይደለም።

ልባሱ ሲቀደድ በስኮች የሚጠቀልሉ አሉ። ናስትሮ የሚጠቀልሉም አሉ። ስኮቹ ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ ናስትሮው ይወፍርና ድንጋዩ ቱቦው ውስጥ ይቀረቀራል፤ ሲያወጡት ደግሞ የቀረውን ልባስ ይዞት ይመጣል። ሲሞቅ የሚኮማተረው ልባስ ለብቻው ይሸጣል፤ ርካሽ ነው። የወረቀት ቀለበቷን መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ልባሱን ማጥለቅ፣ ከዚያ በጸጉር ማድረቂያ ቀስ ብሎ ማሞቅ። በላይተር አይደለም! አንድ ጎበዝ ጠጋኝ ሲጋራ እንደሚለኩስ ሰው ላይተሩን ድንጋዩ ሥር ይዞ ሲያዞር አይቼ ከሱቁ ወጥቼ ውጭ ጠብቄዋለሁ። ቆርቆሮው ራሱ ከተሰረጎደ፣ ከዛገ ወይም ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ካለው ምንም ዓይነት አዲስ ልባስ አያድነውም።

ይኸው ልባስ ግን ማንም ማጥለቅ የሚችለው ነገር ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ፣ ዘመኑን የጨረሰ ድንጋይ ሮዝ ሲለብስ «ሳምሰንግ»፣ ቡናማ ሲለብስ «ኤልጂ» ይባላል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ችግሩን አላቀለሉትም፦ ድንጋዮቻቸውን የሚሠሩት ለዕቃ አምራቾች እንጂ በነጠላ ለሚገዛ ሰው እንዳልሆነ ይናገራሉ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም በጃንዋሪ 2021 በነጠላ የሚሸጡትን 18650 ድንጋዮች እንዳንገዛና እንዳንጠቀም አስጠንቅቋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዎ የዕቃው አምራች ራሱ የሚሸጠው ወይም በስሙ ጠቅሶ የሚያዘው ምትክ ይሁን። የእጅ ባትሪ የሚሠሩ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም የሚያወጧቸው፣ ባለ መከላከያ የሚባሉ ድንጋዮች አሉ፤ መቀመጫቸው ላይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ስላላቸው ቁመታቸው ወደ 68 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከመግዛትዎ በፊት ዕቃዎ ይችላቸው እንደሆነ ይለኩ። ቆባቸው ወጣ ያለም ለጥ ያለም አለ፤ እሱንም ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።

ስለ ባለ መከላከያዎቹ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ አሁንም ስለ ልባሱ ነው። ታች ያለው ሰሌዳ ከላይኛዋ ቆብ ጋር የሚገናኘው በድንጋዩ ጎን ላይ በምትወርድ ስስ የብረት ጥብጣብ ነው። ጥብጣቧ ፖዘቲቭ ናት፣ የምትወርድበት ቆርቆሮ ኔጋቲቭ ነው፣ መካከላቸው ያለው ስስ ማገጃ ነው። ተራው ድንጋይ ላይ የጎን ልጣጭ የሚያሳስብ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ የጎን ልጣጭ ከባድ ነገር ነው። «መከላከያ አለው» ብሎ ቸል የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

አምፒርን በአጭሩ ላንሳ። ድንጋይ ምን ያህል እንደሚይዝና በአንድ ጊዜ ምን ያህል መልቀቅ እንደሚችል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። የሳምሰንግ 25አር የሚይዘው 2,500 ሲሆን 20 አምፒር ያለማቋረጥ ይሰጣል። የፓናሶኒክ ኤንሲአር18650ቢ 3,400 ይይዛል፤ የሚመችው ግን 5 አምፒር አካባቢ ነው። ለእጅ ባትሪና ለራስ ላይ መብራት ሁለተኛው ግሩም ነው። ቬፕና ድሪል ግን በአንድ ትንፋሽ 10 ወይም 20 አምፒር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ እነሱ ላይ «ብዙ ይይዛል» ተብሎ የተገዛ ድንጋይ ይግላል። የዕቃው መመሪያ ስንት አምፒር እንደሚል ሳያነቡ መግዛት የለም።

ሁለት ድንጋይ የሚወስድ ዕቃ ካለዎት ሁለቱን በአንድ ቀን ይግዙ፣ በማርከር ምልክት ያድርጉባቸው፣ ከዚያ አብረው ይሥሩ፣ አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይጣሉ። አሮጌና አዲስ ሲደባለቁ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆንና ብርቱው እየገፋ ያበላሸዋል። ድሪል ውስጥ ያሉትን ራሴ በካውያና በስታኞ እቀይራለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ የካውያው ሙቀት የውስጡን ቀለበት ያቀልጣል፣ ፋብሪካው የሚበይዳቸው በነጥብ መበየጃ ነው። ቻርጀሩ 4.2 ቮልት ላይ የሚያቆም ይሁን። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ለወራት መሳቢያ ውስጥ የቆየ ድንጋይ ውስጡ መዳብ ሟሙቶ ሊሆን ስለሚችል «ላስነሣው» ብለው አይታገሉ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት።

ክረምት ላይ ከአሜሪካ ለሚመጡ ዘመዶች ደግሞ፦ «ጥሩውን ከዚያ ይዘህ ና» መባላችሁን አውቃለሁ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። የወንድሜ ልጅ አራት ድንጋይ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊከት ሲል ነው በቪዲዮ ያየሁት። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ከአውሮፕላኑ ሆድ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ገደቡ በአንድ ባትሪ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን ትልቁ 18650 ከ15 በታች ነው፤ ስለዚህ በመጠኑ አይከለክሏችሁም። ሣጥን ከሌላችሁ የእያንዳንዱን ቆብ በናስትሮ ሸፍኑ። ናስትሮ የማይሰደብበት ብቸኛው ሥራ ይሄ ነው።