ምስሉ ለምን ደበዘዘ? ስለ ቪዲዮ ጥራትና ስለ ስታንዳርድ

«ይሄ ቪዲዮ ጥራት የለውም» የሚል ስሞታ በክፍልም በመኝታ አካባቢም ዘወትር ይሰማል። አብዛኞቻችን ጥፋቱን በካሜራው ወይም በኔትወርኩ ላይ እናላክካለን። ነገር ግን አንድ ምስል ከካሜራ ተነሥቶ ዓይናችን ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ አስቀድመው የተቆረጡ ልኮች ይጠብቁታል። እነዚህ ልኮች ስታንዳርድ ይባላሉ።

ለመሆኑ ስታንዳርድ ምንድን ነው? በቅዳሜ ገበያ አንዱ ነጋዴ በትልቅ ጣሳ፣ ሌላው በትንሽ ጣሳ ቢሰፍር «አንድ ጣሳ ሽምብራ» ማለት ትርጉም ያጣል። ሻጭና ገዥ እንዲግባቡ ጣሳው አንድ መሆን አለበት። ቴሌቪዥንም እንደዚሁ ነው፤ ላኪው ጣቢያና ተቀባዩ መሣሪያ በአንድ ጣሳ መስፈር ይኖርባቸዋል። ይህም ብቻ አይደለም። ጣሳው ትንሽ ከሆነ እህሉ የቱንም ያህል ቢትረፈረፍ ከልኩ በላይ አይይዝም። ስለዚህ ስታንዳርድ ማግባቢያም ነው፣ ጣራም ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጋር ተያይዞ ነው። አገራችን የተቀበለችው ፓል የተባለውን የቀለም ሥርዓት ነው። በእኛ ዘንድ ምስሉ በ625 አግድም መስመሮች ተከፍሎ በሰከንድ 25 ጊዜ ይላክ ነበር። ከ625ቱ መስመሮች ምስል የሚይዙት 576 ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ላኪና ተቀባይ እርምጃቸውን የሚያስተካክሉባቸው ናቸው። አሜሪካኖች ግን ኤን ቲ ኤስ ሲ በተባለው ሥርዓት 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል መረጡ።

እስቲ 25 ለምን ሆነ? መልሱ ከመብራት ኃይል ይመጣል። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካኖቹ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ምስሉ ከመብራቱ ጋር ተጋጭቶ እንዳይርገበገብ ብለው የምስሉን ቁጥር የዚያ ግማሽ አደረጉት። በካሴት ዘመን ከአሜሪካ የተላከ የሠርግ ቪዲዮ እዚህ ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ የሚንከባለለው ወይም ቀለሙ የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነበር። ካሴቱ ደህና፣ ዴኩም ደህና፤ የማይስማማው ጣሳው ነው። ባለቤቱም ገንዘብ ከፍሎ ወደ ፓል ያስገለብጥ ነበር።

ይህ ያለፈ ታሪክ ይመስላል እንጂ አላለፈም። የማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን በስልካችን የምንቀርጸው ቪዲዮ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ሰንበር ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት አይተን የለም? የክፍሉ ፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ30 ምስል እንዲቀርጽ ተደርጎ ይመጣል። በማስተካከያው ውስጥ 25 የሚል ካለ ወደዚያ መለወጥ፣ የመዝጊያው ፍጥነት የሚስተካከል ከሆነም በሃምሳኛ ወይም በመቶኛ ሰከንድ ማድረግ ሰንበሩን ያጠፋዋል። ወጪ የለውም።

ሲኒማ የራሱ ልክ አለው፤ በሰከንድ 24 ምስል። በዚህ ምክንያት የሲኒማ ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን ሲታይ በጥቂቱ እየፈጠነ ያልፍ ነበር። 100 ደቂቃ የሚፈጀው በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ የተዋንያኑም ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል። የፊልሙ ስፋት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የከተማችን ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1966 ዓ.ም. የቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። የ16 ሚሊ ሜትር አንድ ምስል ስፋት የ35 ሚሊ ሜትሩን ሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በትልቅ ሸራ ላይ ሲታይ እህሉ፣ ማለትም የፊልሙ ቅንጣት፣ ጎልቶ ይወጣል። ነገር ግን ካሜራው ቀላል፣ ፊልሙም ርካሽ ነው፤ በጥቂት ሰዎችና በጥቂት ገንዘብ ገጠር ገብቶ ለመሥራት የሚያስችለው እሱ ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ታድሷል። በፊልም የተቀረጸ ሥራ እንዲህ በአዲስ መሣሪያ እንደገና ሊነበብ ይችላል። በቪዲዮ ካሴት የተቀዳ ግን 576 መስመሩን ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር የለውም። በእኛ ግምት የአገራችን ብዙ ትዝታ የተጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። ቁመቱ 1080፣ ወርዱ 1920 ነጥብ የሆነ ቪዲዮ ሳይታመቅ ቢላክ በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢት በላይ ይፈልጋል። በኢንተርኔት የሚመጣልን ግን ብዙ ጊዜ አምስት ሚሊዮን ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከ250 እጅ አንዱ ማለት ነው! የቀረው የት ሄደ? ኤች 264ን የመሳሰሉ የማመቂያ ስታንዳርዶች ከምስል ወደ ምስል የተለወጠውን ብቻ ነው የሚልኩት። የሰሜን ተራሮች ገደል ባለበት የቆመ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተላከ በቂ ነው፤ ጭላዳው ብቻ ሲንቀሳቀስ እሱን መላክ ቀላል ነው። የጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ግን ተቃራኒው ነው። ውኃው ሲረጭ እያንዳንዱ ጠብታ ይለወጣል፣ ሕዝቡም በአንድነት ይንቀሳቀሳል። ጣሳው ሞልቶ ይፈሳል፤ ምስሉም ካሬ ካሬ ሆኖ ይበጣጠሳል። በዓሉ ከሚደምቅበት ሰዓት ይልቅ ጸጥ ያለው ገደል ጥርት ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «1080» የሚለው ጽሑፍ የነጥቦቹን ብዛት እንጂ ጥራቱን አይነግረንም። በዚያ ላይ አንዱን ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ስናስተላልፍ በየመንገዱ እንደገና ሊታመቅ ይችላል፤ የካርቦን ቅጅ ቅጅ እንደማለት ነው።

በዚሁ በዓል ሌላም ነገር እናስተውላለን። ነጠላው ነጭ ሆኖ ፊቱ ይጠቁራል። ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው በአማካይ ስለሆነ ነጩ ልብስ ሲበዛበት ሁሉንም ያጨልማል። በፊልም ዘመን ደግሞ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው ፎቶግራፍ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ነበር፤ የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ልክ አልተሰላም። በስልክ ስንቀርጽ ስክሪኑ ላይ ፊቱን መንካት ይረዳል።

ለእኛ ለመምህራን ግን ዋናው ጉዳይ ፊደል ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ፕላዝማ ሲገባ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው መምህሩ ትምህርቱን ማቆምም መመለስም ስላለመቻሉ፣ ስለ እንግሊዝኛውም ፍጥነት ነበር። ትክክለኛ ክርክር ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ምን ያነብ ነበር የሚለው ግን እምብዛም አልተጠየቀም።

እናስላው። ጤናማ ዓይን በ8 ሜትር ርቀት ሊለየው የሚችለው ትንሹ ፊደል ቁመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳይጨነቁ ለማንበብ እጥፉ፣ 24 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ግማሽ ሜትር ቁመት ባለው ስክሪን ላይ የረድፉን ክፍተት ጨምረን ስናስብ ከ10 ረድፍ በላይ አይገባም። ኧረ የእኛ ስላይዶች ስንት ረድፍ ነው ያላቸው?

ይህ ለማንኛውም ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ የባሰ ይፈልጋል። «ሂዱ» እና «ሄዱ» የሚለዩት በእግራቸው ጫፍ ባለችው ምልክት ብቻ ነው፤ ሣልሱ ጭረት፣ ኃምሱ ቀለበት። ቀለበት ቀለበት ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ ሦስት መስመር ይሻል፤ ላይኛው ቀለም፣ መካከሉ ክፍት፣ ታችኛው ቀለም። ፊደሉ በጠቅላላው 12 መስመር ብቻ ከደረሰው ለቀለበቱ ሁለት መስመር ይተርፈው ይሆናል፤ ክፍቱ ይደፈንና ጭረት ይመስላል። አዋቂ ከዓረፍተ ነገሩ ይገምተዋል። የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ገና ፊደሉን እየለየ ነውና የሚገምትበት የለውም፤ ትእዛዙን ከወሬው ሳይለይ ይቀራል፣ እኛም ልጁን ሰነፍ እንለዋለን።

የሙያ ባልደረቦች፣ ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት «ሂዱ» እና «ሄዱ» ጎን ለጎን ጽፈን በምናሳይበት ስክሪን እናውጣና የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደን እንቀመጥ። ካልተለዩ በመጀመሪያ ፊደሉን እናሳድግ። ፊደሉ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ 1080 ያለው ስክሪን ቢመጣም በ8 ሜትር ላይ የሚያግደው ስክሪኑ ሳይሆን የልጁ ዓይን ነው።