አንቲጎኔ፦ በአንድ አርእስት የተጠሩ ተውኔቶች

ሁለት ደራስያን ሳይተዋወቁ ለድርሰቶቻቸው አንድ አርእስት ቢሰጡ ነገሩ የአጋጣሚ ስለ ሆነ ብዙ አያነጋግርም፤ ነገር ግን አንድ ጸሐፌ ተውኔት ከእርሱ አስቀድሞ የተነሣ ሊቅ ያስከበረውን አርእስት ዐውቆና መርጦ በራሱ ድርሰት ላይ ሲያኖር፥ ተመልካቹ የፊተኛውን እያስታወሰ የኋለኛውን እንዲመረምር መሻቱ ነው። ከዚህ ዐይነቱ ሁሉ ለእኔ የሚጥመኝ የ«አንቲጎኔ» ነገር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ ሶፎክሊስ ለአቴና ሰዎች ያቀረበው ተውኔት፥ ስለ ቴባ ዙፋን ተዋግተው እርስ በርሳቸው ከተገዳደሉ ሁለት ወንድማማቾች ይነሣል። መንግሥቱን የያዘው አጎታቸው ክሬዎን፥ አገሩን ሲጠብቅ የወደቀው ኤቴኦክሊስ በክብር እንዲቀበር፥ የባዕድ ጦር አስከትሎ የመጣው ፖሊኒኪስ ግን ሬሳው የውሻና የአሞራ ሲሳይ እንዲሆን ያውጃል፤ እኅታቸው አንቲጎኔ ደግሞ ከንጉሥ አዋጅ የሚበልጥ፥ ሳይጻፍ የሚኖር ሕግ አለ ብላ (አባቶቻችን ሕገ ልቡና የሚሉትን ያስታውሳል) በወንድሟ ሬሳ ላይ ደረቅ ዐፈር ትነሰንሳለች፥ ከነሐስ ማንቆርቆሪያም ሦስት ጊዜ የመጠጥ ቍርባን ታፈስሳለች። ስለዚህም ከነሕይወቷ በዋሻ ተዘጋባት፤ ንጉሡ ተጸጽቶ ሊያስፈታት ሲደርስ ራሷን አንቃ አገኛት፥ እጮኛዋ የነበረው የገዛ ልጁና ሚስቱም በዚያው ዕለት ራሳቸውን ገደሉ።

ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም.፥ ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች፥ ዣን አኑይ በአቴሊዬ ትያትር ቤት ሌላ «አንቲጎኔ» አሳየ። ተዋንያኑ የዘመኑን የማታ ግብዣ ልብስ ለብሰው ነበር፤ የነሐሱም ማንቆርቆሪያ ቀርቶ አንቲጎኔ ዐፈሩን የምትጭርበት መሣሪያ አንዲት አሮጌ የልጆች መጫወቻ አካፋ ሆናለች። ዋናው ለውጥ ግን በክሬዎን ላይ ነው፤ ይህ ክሬዎን ሥልጣንን እንደ ሸክም የተቀበለ፥ እጅጌውን ሰብስቦ የሚሠራ፥ ልጅቱንም ከሞት ለማዳን ብዙ የሚደክም ሰው ነው። በመጨረሻም ምስጢሩን ይገልጥላታል፦ ሁለቱም ወንድሞቿ የረቡ አልነበሩም፥ ሬሳቸውም በፈረሰኛ ተረጋግጦ ማንነቱ ስላልታወቀ፥ የተሻለው ተነሥቶ በመንግሥት ሥርዐት ተቀበረ፥ ሌላው ተጣለ። እንግዲህ ለማን እንደምትሞት የማታውቅ አንቲጎኔ ናት፤ ሆኖም እንቢ ከማለት አትመለስም። የጀርመን ሳንሱር ተውኔቱን አሳልፎታል፤ ከተመልካቹ አንዱ ወገን በልጅቱ እንቢታ የአርበኞችን ድምፅ ሲሰማ፥ ሌላው ለጠላት ላደሩት በክሬዎን አፍ ተሟገተላቸው ብሎ ደራሲውን ወቅሷል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው የሚይዙትን ማግኘታቸውን ለድርሰቱ ነውር አድርጌ አልቈጥረውም።

በርቶልት ብሬሽት እንዲህ ያለውን ርኅራኄ ለክሬዎን አልቸረውም። እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኩር ከተማ ባሳየውና «የሶፎክሊስ አንቲጎኔ» ባለው ተውኔት ውስጥ፥ የአርጎስን ማዕድን ለመዝረፍ ጦርነት የጫረ ግፈኛ አድርጎት፥ በመግቢያውም እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. በርሊን ላይ ከጦር ሜዳ የኮበለለ ወንድማቸውን ተሰቅሎ የሚያገኙ ሁለት እኅትማማቾችን አኑሯል። የአንቲጎኔን ክፍል የተጫወተችው ሚስቱ ሄለኔ ቫይግል በዚያን ጊዜ 47 ዓመቷ ስለ ነበር ለሙሽራነት የታጨች ልጃገረድ ናት ለማለት ያዳግት ነበር፤ በጀርባዋ ሳንቃ ታስሮባት መድረክ ላይ ስትቆም ግን ዕድሜዋን የሚጠይቅ አይኖርም።

የጥንቱም ተውኔት ቢሆን ከነዚህ ሁሉ በኋላ ሥራውን አላቆመም። በሮበን ደሴት ወህኒ ቤት እስረኞች ባሳዩት ጊዜ ኔልሰን ማንዴላ ክሬዎንን ሆነው ተጫውተዋል፤ በሕይወት ታሪካቸውም ንጉሡ በመጀመሪያ ንግግሮቹ አስተዋይና አገር ወዳድ እንደ ሆነ፥ ኋላ ግን ምሕረት እንደ ጐደለው አስተውለው ጽፈዋል። በዚህ አነጋገር ከሄድን፥ አኑይ ለክሬዎን ሰጠው የምንለው ምክንያት ዘሩ አስቀድሞ በሶፎክሊስ ዘንድ ነበረ።