ሰሊጡ አይጠብቅም፣ መንጋጋውም

ሰሊጥ የሚታጨድበት ቀን ካለፈ ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቅምት ከመተማ ድልድዩን ተሻግሮ በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚወርድ ሳሉግ (የወቅት የእርሻ ሠራተኛ)፣ ጥርሱን ቢያመው «አጨዳው ይለቅ» ይላል። የሚያመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው መንጋጋ ነው። ሱዳኖች «ድርስ አልዐቅል» ይሉታል፤ የአእምሮ መንጋጋ ማለት ነው። ከ17 እስከ 25 ዓመት ገደማ ይበቅላል፤ የሳሉጉም ዕድሜ ያው ነው።

ለመንቀል አብዛኛውን ጊዜ መርፌ ይበቃል። ሊዶኬይን በ1943 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የተሠራ ማደንዘዣ ነው። ለታችኛው መንጋጋ ሐኪሙ ከአፍ ጀርባ፣ ነርቩ አጥንት ውስጥ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ይወጋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ «ከንፈርህ ከበደህ?» ይላል፤ ግማሽ ከንፈር ከደነዘዘ መርፌው ይዟል። ሕመሙ ይጠፋል እንጂ ግፊቱና የአጥንቱ ድምፅ አይጠፉም። «መርፌው አልሠራልኝም» የሚሉ ብዙዎች የሰሙት ይህንኑ ድምፅ ነው።

የእውነት የማይሠራበትም ጊዜ አለ። መግል የቋጠረ ሥጋ አሲዳም ስለሚሆን መድኃኒቱ ወደ ነርቩ መዝለቅ ይሳነዋል። አጨዳውን ሲጠብቅ ጉንጩ ያበጠው ሳሉግ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነው፤ አፉም አልከፈት ይለዋል። ሙቀቱም አያግዝም፦ አድሬናሊን የተቀላቀለበት መርፌ በጥቅሉ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ሲገባው፣ ገዳሪፍ በሚያዝያ 40ን ይዘላል።

ከመርፌ በላይ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ሆራስ ዌልስ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1844 እ.ኤ.አ. የሳቅ ጋዝ ስቦ የራሱን መንጋጋ አስነቅሏል። ዛሬ ፍርሃት ለበረታበት ሰው ሚዳዞላም በደም ሥር ይሰጣል፤ ያረጋጋል፣ ያስረሳል፣ ሕመም ግን አያስታግስም፤ መርፌው አይቀርም። ኬታሚን የተባለው የሰመመን መድኃኒት ያለ ውስብስብ መሣሪያ ስለሚሠራ፣ ትንፋሽንም ብዙ ስለማይጫን የጦርነትና የስደተኛ ሐኪሞች ባለውለታ ነው። ለአፍ ሥራ ሲሆን ግን እኔ በቀላሉ አልመርጠውም። ምራቅ ያበዛል፤ ምራቁና ደሙ ወደ ጉሮሮ ከወረደ የትንፋሹ በር በድንገት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የሚነቅለው ሌላ፣ ትንፋሹን የሚጠብቀው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ይህ በሌለበት ክሊኒክ ጥልቅ ሰመመን አይሞከርም፤ ጎንደር ድረስ መሄድም ቢሆን ይሻላል።

ለሰመመን የሚሄድ ሰው ምግብ ከቀመሰ 6 ሰዓት፣ ውሃ ከጠጣ 2 ሰዓት ሊያልፈው ይገባል። በመርፌ ብቻ የተነቀለለት በእግሩ ይመለሳል፤ በሰመመን የተነቀለለት ግን በዚያ ቀን ብቻውን መኪና ላይ አይጫንም።